ቀን ሲያልፍ ዝም አንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጎረቤት አገር አምባገነንነት ወደ እኛ ይሻገራል ሲባል ብዙ ሰው ጦር ይታየዋል። እኔን የሚያሰጋኝ የቀን ነገር ነው። «ይቆይ» የምትለዋ ቃል ድንበር ለመሻገር ፓስፖርት አያስፈልጋትም።

ኤርትራን እንይ። ሕዝቡ በሚያዝያ 1985 ነጻነቱን በድምፁ መረጠ፤ ሕገ መንግሥቱም በግንቦት 1989 ጸደቀ፤ እስከ ዛሬ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ብሔራዊ አገልግሎት በ1988ቱ አዋጅ 18 ወር ነበር፤ 6ቱ ሥልጠና፣ 12ቱ አገልግሎት። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ማለቂያው ጠፋ፤ ለ18 ወር ብሎ የሄደ ልጅ ሸምግሎ ሲመለስ ታየ። በመስከረም 1994 የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ ለውጥ ከጠየቁት 15 ባለሥልጣናት 11ዱ ታሰሩ፣ ፍርድ ቤትም ሳይቀርቡ ቀሩ። በዚያው ዓመት ይካሄዳል የተባለው ምርጫም «ይቆይ» ተብሎ እንደቆየ ነው።

ሱዳን በነሐሴ 2011 የ39 ወር ሽግግር ፈረመች፤ የሽግግሩ ሉዓላዊ ምክር ቤት ሰብሳቢነት ከወታደር ወደ ሲቪል የሚዞርበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014፣ ወታደሩ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ። የኮምቦልቻ መኪና በየቀኑ የሚመላለስባት ጅቡቲም በ2002 የፕሬዚዳንቱን የሁለት ዘመን ገደብ ከሕገ መንግሥቷ አወጣች።

በእኛ ሕገ መንግሥት ቀኖቹ ተጽፈዋል። አንቀጽ 93ን እናንብበው፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት፣ ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ይታደሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ነሐሴ 8 ቀን ጸድቆ፣ በጥር 2016 ለ4 ወር ተራዝሞ ነበር። ስንት ጊዜ ሊታደስ እንደሚችል ግን አንቀጹ ጣሪያ አላበጀለትም። 18 ወርን ዕድሜ ልክ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ክፍተት ነው፤ ሕጉ በዝምታ ባለፈው ቦታ ቀን መቁጠር ያለብን እኛ ነን። በዚሁ አንቀጽ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። «ይህን ያህል ሰው ተይዟል» የሚል መግለጫ ይህን ግዴታ አይወጣም፤ ሕጉ የሚለው ስም ነው።

በመደበኛው ጊዜ የተያዘ ሰው በአንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የሚቀነሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩ የሚበላሸው መነሻው ላይ ነው። ሰውየው ዓርብ ማታ ተይዞ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሰኞ ጠዋት ከሆነ፣ ሦስት ሌሊት ከቆጠራው ወጣ። ስለዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩትን ሰዎች በወረቀት ማስፈር ነው። 48ቱ ሰዓት ካለፈ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል፤ ያቺ ወረቀት ያኔ ማስረጃ ትሆናለች።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ስንጠይቅም በቃል አንጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መልስ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ በቃል የተጠየቀ ግን ቀኑ ከየት ተነስቶ ይቆጠራል? ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ማስገባት፣ በእጅ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያስደርጉ አለመውጣት። ከተከለከሉ በኋላ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ ሲሄዱ የሚያዘው ይኸው ኮፒ ነው።

የምርጫ ቀን ደግሞ ድምፅ በጣቢያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ከወረቀቱ ፊት ቆሞ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ድምፅ፣ ዋጋ ያለውንና ዋጋ የሌለውን ብዛት በእጅ መገልበጥ ነው። ዋጋ ያለውና ዋጋ የሌለው ሲደመሩ ከመራጮች መዝገብ ላይ ከፈረሙት ሰዎች ቁጥር መብለጥ የለባቸውም፤ ከበለጡ ሳጥኑ ውስጥ ሰው ያልሰጠው ድምፅ አለ። የግልባጩ ጥቅም በማግስቱ ይታያል፤ ዝናብና ነፋስ፣ አንዳንዴም የሰው እጅ ወረቀቱን ያወርደዋል።

ይህን ለመያዝ ወሎ ውስጥ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ቅሬ አለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ያሉበት፣ ቀብር የቀረ ሰው ስሙ ተይዞ የሚቀጣበት ማኅበር ነው። ከዚያ መዝገብ ጀርባ ሁለት ገጽ ተለይቶ በአንዱ የታሰሩ የሠፈር ሰዎች ቀንና ሰዓት፣ በሌላው የቀረቡ ማመልከቻዎች የገቢ ቁጥርና 30ኛው ቀን ቢጻፍ፣ ጸሐፊው በየስብሰባው ያነበዋል።

ከእናንተ የምጠይቀው በወር አንዴ ግማሽ ዓምድ ነው፦ በሥራ ላይ ያለ አዋጅ ካለ መቼ እንደሚያበቃ፣ የመርማሪ ቦርዱ የአንድ ወር ቀን መቼ እንደሚሞላ፣ የምክር ቤቶች የአምስት ዓመት ዘመን በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ።

ከአክብሮት ጋር
የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ