በጠዋቱ ባቡር የተመለሰው አባት

ባሕር ዳር

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጣናም ሞልቶ የደንገሉን ሥር ሸፍኖታል።

በፍላሽ ትተህልኝ የሄድኸውን «ላ ዶልቼ ቪታ» የተባለውን የጣሊያን ፊልም፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ በመሆኑ፣ ከሥሩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብሁ በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በዚያው ዓመትም በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን የተሸለመ ሥራ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር። ተዋናይቷ አኒታ ኤክበርግ በሌሊት ትሬቪ ፋውንቴን ወደሚባለው የሮም የውኃ ፏፏቴ የምትገባበትን ትዕይንት ሰው ሁሉ ያነሣዋል፤ እኔ ግን እሱን አይቼ አለፍሁት።

የያዘኝ ማርቼሎ ነው። ተዋናዩ ማርቼሎ ማስትሮያኒ የሚጫወተው ይህ ጋዜጠኛ፣ ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ የመጻፍ ምኞት እያለው፣ ቪያ ቬኔቶ በተባለው የሮም ጎዳና የሚያመሹትን ባለጸጎችና ተዋንያን እየተከተለ ወሬያቸውን በመልቀም ይኖራል። ከአጠገቡ የማይጠፋው ፎቶ አንሺ ስሙ ፓፓራዞ ነው፤ ዛሬ ዝነኞችን እያሳደዱ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች «ፓፓራዚ» የተባሉት ከእሱ ስም ተነሥቶ ነው። የማርቼሎ ወዳጅ ስታይነር ሁለት ልጆቹን ገድሎ ራሱን ባጠፋ ጊዜ፣ ሚስቱ መርዶዋን ገና ሳትሰማ ወደ ቤቷ ስትመለስ እነዚህ ፎቶ አንሺዎች ሲከቧት አይቼ፣ ፊልሙን አቁሜ ወደ በረንዳ ወጣሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው፤ የእነዚያ እጅ የያዘው ካሜራ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ የማርቼሎ አባት ነው። ልጁን ሊጠይቅ ከአገሩ ሮም ይመጣል፤ ልጁ ጭፈራ ቤት ይወስደዋል፤ ሽማግሌው ሌሊቱን ይታመምና፣ ልጁ እንዲቆይ እየለመነው በጠዋቱ ባቡር ይመለሳል። ማርቼሎ በልጅነቱ ይህን አባት እምብዛም አያየውም ነበር።

ልጄ፣ እኔም አምና በጥር እንዲሁ አድርጌብሃለሁ። ለሥራህ ወደዚያ ትልቅ ሆቴል ይዘኸኝ በሄድህ ምሽት፣ አንዲት ተዋናይት እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ፎቶ ከተነሣች በኋላ ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ ሄደች፤ አንተም ከልብህ ባልሆነ ሳቅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር አየሁህ። ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቀው ሳቅህ አልነበረም። የደም ግፊት መድኃኒቴን ረስቼ መጥቻለሁ ብዬህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መድኃኒቱ በኪሴ ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወርድ፣ አንተ ሕፃን ሳለህ እኔ በየወረዳው እየተዘዋወርሁ ሳስተምር በዓመት ሁለቴ ብቻ የምታየኝ መሆንህ ትዝ ብሎኝ፣ ያዘነብህን ልቤን ወደ ራሴ መለስሁት። ያን ጊዜ መቆየትና መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ።

በፊልሙ መጨረሻ፣ ማርቼሎ ሲጨፍር ካደረበት ቤት ወጥቶ በባሕር ዳርቻ ሲቆም፣ ከውኃው ማዶ አንዲት ልጅ ትጠራዋለች። ቀድሞ በምግብ ቤት ሲጽፍ ያገኛት ልጅ ናት። የማዕበሉ ድምፅ ግን አያሰማውም፤ እጁን አንሥቶ ይሰናበታትና ወደ ባልንጀሮቹ ይመለሳል።

ስለ ታንኳ ሠሪዎቹ መጻፍ የጀመርህበት ደብተር ከመጻሕፍት ሣጥኔ ውስጥ ነው። ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚታሰር የነገሩህ አባት ባገኙኝ ቁጥር «ያ ልጅ ጨረሰው ወይ?» ይሉኛል። በሰው እጅ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ለመስቀል ና፤ ውኃው ዳር እንቀመጥና አንብብልኝ፤ እኔ የትም አልሄድም።

አባትህ