አሳማ የማይበላ ሰው ስለ መረቁ ይጠይቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጃፓን ምግብ ቤቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አሳማ የማይበላ ቤተሰብ «ሥጋውን ተዉልን» ብሎ ራመን (በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ኑድል) ማዘዝ እንደሚችል መክራችኋል። ምክሩ ሰው ያሳስታልና ይታረም። በአብዛኛው ራመን አሳማው ከላይ የተደረደረው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ መረቁም ውስጥ አለ።

የፉኩኦካው ሃካታ ራመን ነጭ መረቅ የሚወጣው የአሳማ አጥንት ለብዙ ሰዓት በኃይለኛ እሳት ተንተክትኮ፣ መቅኑና ስቡ ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው። የሳፖሮው ሚሶ ራመን፣ ሚሶ የተብላላ አኩሪ አተር ስለሆነ፣ ከአሳማ ነጻ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምነዋል። ነገር ግን አትክልቱ የሚጠበሰው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው፤ ከመረቁ በላይም ስቡ ይንሳፈፋል። ይህ ስብ እንፋሎቱን ስለሚያፍን ሳህኑ የበረደ ይመስላል፤ ልጅ ሳያውቅ ቢጎርሰው አፉን ያቃጥለዋል። በትንሽ ሳህን ቀንሶ አቀዝቅዞ መስጠት ነው።

የዶሮ ራመን ሲታዘዝም ጥያቄው አይቀርም። ከሳህኑ ሥር የሚጨመረው ጨዋማ ማጣፈጫ አንዳንድ ቤት አሳማው የተቀቀለበት ሶያ ሶስ ነውና፣ «አጥንቱ የምን ነው? ስቡስ? ማጣፈጫውስ?» ይባል።

እኛ የምንመርጠው የካጋዋውን ሳኑኪ ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) ነው። ሊጡ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው፤ መረቁም ከደረቁ ትናንሽ ዓሦችና ኮምቡ ከተባለ የባሕር አረም ይወጣል። በካሪ የሚቀርበው ኡዶን ግን የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል። በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ደግሞ «አትክልት ብቻ» ማለቱ አይበቃም፤ የኮምቡ ወይም የደረቀ እንጉዳይ መረቅ እንዳለ ይጠይቅ።

ሶባ የተባለው ኑድል የሚሠራው ባክዊት ከተባለ እህል ነው፤ አለርጂው ከባድ ነው። ብዙ ቤት ሶባና ኡዶን በአንድ ውሃ ስለሚቀቀሉ፣ አለርጂ ላለበት ልጅ ኡዶኑም ያሰጋል። ስንዴ የማይስማማውም ሰው አይዘናጋ፤ የተለመደው ሶባ 80 በመቶ ባክዊት፣ 20 በመቶ ስንዴ ነው።

ማዕዱን መቋደስ ለለመደ ቤተሰብ ራመን አያመችም። የሃካታው ቀጭን ኑድል መረቅ ውስጥ በደቂቃዎች ይልፈሰፈሳል። ሲያዝዙ «ካታ» (ጠንከር ያለ) ይበሉ፤ ኑድሉን ጨርሰው መረቁን ያስተርፉና «ካኤዳማ» ብለው ጭማሪ ኑድል ያስመጡ። መሃል ላይ አስቀምጦ ለመካፈል ቀዝቃዛው ዛሩ ኡዶን ይሻላል፤ መጥቀሻው ለብቻው ስለሚቀርብ ኑድሉ ቶሎ አይልፈሰፈስም። መጥቀሻው ግን የዓሣ መረቅ አለበት።