ለወላጆች፦ ስለ ቡድናችን አምበል

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የደብረ ብርሃን ውርጭ እናንተም ቤት ሳይገባ አልቀረም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መዋጮም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም። ስለ እግር ኳስ ቡድናችን አምበል ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ቢሮዬ መጣ። ከኪሱ የክንድ ማሰሪያውን አወጣ። ታጥቦ፣ በአራት ታጥፏል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «ጋሼ፣ ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ» አለኝ። ምን ሆነህ ነው ብለው ዝም። ብዙ ቆይቶ ነው የተናገረው። ከቅዳሜው ሽንፈት በኋላ ሁለት ወላጆች ስልክ ደውለውለታል። አንዱ «ልጄን ለምንድን ነው የማታቀብለው?» ብሎታል። ሌላው ደግሞ «ጎል የሚያገባው የእኔ ልጅ ነው፤ አንተን ተከላካዩን ማን አምበል አደረገህ?»

እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ እንዲህ በለዘበ ቃል የምጽፈው አይመስለኝም።

ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ 17 ዓመቱ። የ12ኛ ክፍሎቹን ለፈተናቸው ይዘጋጁ ብለን ስለተውናቸው ቡድኑ የቀረው በአብዛኛው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች ነው። አንዳንዶቹ ድምፃቸው እንኳ ገና አልጎረነነም። እነዚህን ይዞ የሚወጣ አምበል ከኳሱ በፊት ብዙ የሚያየው ነገር አለ።

አምና እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ከስፖርት መምህራችን ጋር ተከራክሬ ጎል አግቢያችንን አምበል አስደረግሁ። ልጁ ጎበዝ ነበር። ግን ማንም ሲሳሳት ይቆጣል። ትንንሾቹ ኳስ ሲደርሳቸው ቶሎ ከእግራቸው ማራቅ እንጂ መጫወት ተዉ። በኋላ እሱም ሰለቸውና ቀረ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የማይሆነውን ሸክም የጫንኩበት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሸዋ ሮቢት የወረድነው በቅጥቅጥ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። አምበሉ ከኋላ ወንበር ተነስቶ መጣ። ከጃኬቱ ኪስ ሎሚ አወጣ፣ በጥፍሩ ቧጨር አደረገና ልጁ አፍንጫ ሥር ያዘለት። ከዚያ መስኮቱ ጋ አስቀምጦት ራሱ መሀል ተቀመጠ። ሎሚውን ከየት አመጣኸው ስለው «ባለፈው ጉዞ አስታውኮ ነበር» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ።

እኛ የምንኖረው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር እምብዛም አትርቅም። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ሲሮጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከእረፍት በኋላ ግብ ጠባቂያችን ቀላል ኳስ በእግሮቹ መሀል አሳለፈ። ሌሎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አፈጠጡበት። አምበሉ ግን ሮጦ ሄደና ኳሱን ከመረቡ አወጣ። ሊቆጣው ነው ብዬ ስጠብቅ «ውሃ ጠጥተሃል?» አለው። አልጠጣም ነበር። 3 ለ 1 ተሸነፍን። እኔ ግን ልጄን ለዚህ አምበል አምኜ እሰጣለሁ።

በእግር ኳስ ሕግ አምበል የተለየ መብት የለውም። ለቡድኑ ሥነ ምግባር ግን የተወሰነ ኃላፊነት አለበት። ሸክም ብቻ፣ ሹመት የሌለው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ዳኛውን ቀርቦ ማናገር የሚችለው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ አይታችኋል። እኛም በልምምድ ይህንኑ ይዘናል። አምበሉ ያናግራል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል።

ጎል አግቢው ለምን አምበል አልሆነም ላሉት ወላጅ፦ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ ዛሬም ድረስ አብዛኛው ሰው የሚጠራው ጎል አግቢውን መንግሥቱ ወርቁን ነው። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበል ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። መንግሥቱ በዚህ ምክንያት ስሙ አልቀነሰም።

አሁን የምለምናችሁን ልንገራችሁ። አምበሉ ጋ አትደውሉ። ቅሬታ ያለው ወላጅ ቢሮዬ ይምጣ፤ ከስፖርት መምህራችን ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። በጨዋታ ሰዓት ከመስመሩ ውጭ ሆናችሁ አበረታቱ እንጂ ማን ለማን ያቀብል አትበሉ፤ ልጆቹ ሁለት አሰልጣኝ ሲኖራቸው የሚሰሙት ይጠፋቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ የሚያበቃው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ቤት የሚፈለግ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን።

ማሰሪያው አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «እስከ ሐሙስ አስብበት» ብዬዋለሁ። የደወላችሁለት ሁለታችሁ ከዚያ በፊት ብታናግሩት ደስ ይለኛል። ግቢው በር ላይ ቆማችሁ ጠብቁት፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው፣ ኳሶቹን ቆጥሮ ስለሚያስገባ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ