የዚህ ወር ብር ለምን አነሰ

ቤሩት፣ ዶራ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማ? ጉልበትሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ግን ውሸት ነው። ስምንት ወር ሙሉ መንጋጋዬ ሲጠዘጥዘኝ ከረመ። ሌሊት ሌሊት ቅርንፉድ ነክሼ ነበር የምተኛው። በኢሞ አይተሽኝ «ጉንጭሽ ሞላ፣ ተመቸሽ» ያልሽኝ ጊዜ አብጦ ነው።

ሐኪም ቤት ያልሄድኩት ብር አጥቼ አይደለም። ለናንተ ከምልከው መቀነስ ኃጢአት መስሎኝ ነው። እኛ ቤት ራስ ወዳድ ማለት ስድብ ነው። አንቺ ለሁላችን አውጥተሽ፣ በመጨረሻ የድስቱን ጠርዝ በእንጀራ ጠርገሽ «ጠገብኩ» ስትዪ እያየሁ ነው ያደግኩት። ይኸው ባሕር ተሻግሬም ድስት እጠርጋለሁ።

ከጅማ በኩል የመጣች፣ ሀያ ያልሞላት ልጅ አለች። አሠሪዎቿ የአምስት ወር ደሞዝ ሲከለክሏት ወጥታ እኛ ክፍል ተጠጋች። አራት ነበርን፣ አምስት ሆንን። አንድ ማታ «እህቴ፣ ሻምፖ አለሽ?» አለችኝ። ጮኽኩባት። ልክ ማዳም እኔ ላይ እንደምትጮኸው፣ በዚያው ድምፅ። ፎጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ሻምፖ እኮ ነው እማ!

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በ2011 ስመጣ 1 ዶላር 1,500 የሊባኖስ ሊራ ነበር፤ ዛሬ 90 ሺህ ገደማ ነው። ሊራው መውደቅ ሲጀምር ብዙ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ እየጣሉ ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ያኔ እኔን ያስጠጋችኝ አንዲት የጎንደር ሴት ናት። ሰው አይበዛባትም ነበር። እሁድ ግን ሥራ ቢጠሯት አትሄድም። ቡናዋን ሦስቱንም ትጠጣለች፣ እጇን ቫዝሊን ትቀባለች። ቅንጡ ናት እያልን እናማት ነበር፤ በገዛ ቤቷ ተኝተን! ስትሰጥ ግን ፊቷ አይከፋም። እኔ ስሰጥ እቆጥራለሁ። ያካፈልኩትን ሳሙና ሳይቀር ቆጥሬዋለሁ።

በማግስቱ ሄጄ ጥርሴን አስነቀልኩ። ስመለስ ሻምፖ ገዛሁ፣ ትልቁን። እሁድ ልጅቷን ቁጭ አድርጌ ራሷን አጠብኩላትና ሹሩባ ሠራኋት። በክሎር የተሰነጣጠቀው ጣቴ ፀጉሯ እየያዘው ሲያስቸግረኝ ሳቀች። ከዚያ ወሬ ጀመረች። ደሞዟን እንደከለከሏት እናቷ አያውቁም። «ደህና ነኝ» ነው የምትላቸው።

እና 150 ዶላር የምልከው በዚህ ወር 100 የሆነው ለዚህ ነው። ለወንድሜ ባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ይቆየው። ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ከላክሁት ላይ ደግሞ መጀመሪያ የጉልበትሽ ይነሳ። እህቴ ደሴ ሐኪም ቤት ይዛሽ ትሂድና ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። «ሄጃለሁ» ብትዪኝ አላምንሽም። የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ልጅሽ