ለእህት ዓለም፣ ከፍኖተ ሰላም

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን በዛ። የሆነውን ሁሉ ስንገናኝ እናወጋዋለን። አሁን ያስቸኮለኝ ልጅሽ ልትወልድ መቃረቧን መስማቴ ነው። በሰዓቷ ማርያም ትቅረባት!

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ወልዳ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ሄጄ ነበር። እሷንም ባሏንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ስድስት ወር ጡት ብቻ» የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቁታል። እንገሩ ግን ታልቦ ተደፍቷል። አያትየው በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ይዘው ወደ ሕፃኑ አፍ ሲያስጠጉ ሁለቱም ዝም አሉ። «አንጀቱን ያለሰልሳል» ሲባሉ የሚመልሱት የላቸውማ!

አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው። ወጣቶቹ ቁጥሩን ያውቃሉ፣ ምክንያቱን የነገራቸው የለም። ያ ቢጫ፣ ወፈር ያለ እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቷ ትበቃዋለች። ቅቤና የስኳር ውሃ ከቀደመው ግን ጡቱን ችላ ይላል። ወተት ደግሞ በተጠባ ቁጥር ነው የሚመረተው። ካልተጠባ ይቀንሳል፤ ከዚያ «ወተቷ አልበቃውም» ተብሎ የላም ወተት ይጀመራል። ውሃም አያስፈልገውም። ቆላ ብትወርጂ እንኳ፣ ከጡት ወተት 87 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ነገሩ የጎረቤቴ ብቻ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፤ የሴት ጉዳይ ነው ብለው። ሴቶቹ ከክፍል ስወጣ ተከትለውኝ «ቲቸር፣ ጡት ይወድቃል አይደል?» ይሉኛል። ጡትን የሚያላላው እርግዝናውና ዕድሜው እንጂ ማጥባቱ እንዳልሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ወንዶቹ ናቸው። አራስ አማቷን ደፍራ አትናገርም። «እማዬ፣ ቅቤው ይቅር» ማለት የሚችለው ያ የሚስቀው ልጅ ነው።

የልጅሽ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ባንክ ነው የምትሠራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ከስድስቱ ወር ግማሹ ሥራ ላይ ሆና ነው የሚያልፈው። ያኔ ወተቷን እያለበች በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ትችላለች። ቤቱ ካልሞቀ ያለ ፍሪጅም ለአራት ሰዓት ያህል አይበላሽም። ጡጦ አያስፈልግም፣ በስኒ ይጠጣል። ብቻ ሳትወልድ ከባሏ ጋር ይምከሩበት፤ ሞግዚቷም ትወቀው።

እሷን ለማረስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ በእኛ በኩል ነው መንገድሽ። ሳታድሪ እንዳታልፊ። ቀኑን ቁርጥ ስታደርጊ ደውይልኝ፣ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።

ናፋቂሽ