የሞተር ካሜራ ከመሪው ላይ ይነሳ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርድ የተገጨ ሞተረኛ ካሜራ እያለው፣ እውነቱም ከእሱ ጋር ሆኖ ሳለ ማስረጃ ሲያጣ ያሳዝናል። ቪዲዮው ሲከፈት ታርጋው አይነበብም፣ ሰዓቱም አይገጥምም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የካሜራው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

ካሜራውን መሪ ላይ አትሰሩት። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር መሪውን በሰከንድ 100 ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል። ካሜራው ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ ተጥመዝሞ ይወጣል፤ የካሜራው ማረጋጊያም እንዲህ ያለውን ፈጣን ንዝረት አያስተካክለውም። የሄልሜቱ የአገጭ መከለያ ይሻላል። ንዝረቱ እዚያ ሳይደርስ በሰውነት ውስጥ ይበርዳል፣ ካሜራውም ራስ ወደዞረበት ይዞራል። ሄልሜቱን ግን እባካችሁ አትብሱት፤ ሕይወት የሚያተርፈው ቅርፊት ይደክማል። ቦታውን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ ሲደርቅ ማጣበቂያውን አጥብቃችሁ ተጫኑና 24 ሰዓት አቆዩት። አገጩ ጎባጣ ስለሆነ ጠፍጣፋ ማጣበቂያ ከዳር ዳሩ ይላቀቃል፤ ጎባጣውን ግዙ። በክረምት ጠዋት፣ ሄልሜቱ ቀዝቅዞ ሳለ መለጠፍም አይያዝም።

ታርጋን የሚያደበዝዘው ሸተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሸተሩ 1/50 ሰከንድ ከሆነ፣ ምስሉ እስኪያዝ 22 ሳንቲ ሜትር ይታለፋል፤ 1/500 ላይ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ቀን ከዚህ አታዘግዩት። ማታ መስቀል አደባባይ ላይ ይህ ፍጥነት ምስሉን ያጨልመዋል፣ መብራቱንም ያርገበግበዋል። የኤሌክትሪካችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል። ስለዚህ ማታ ካሜራውን ወደ ፓል (PAL)፣ ለ50 ኸርዝ አገሮች ወደተዘጋጀው የቪዲዮ ምርጫ ቀይሩ፤ በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩም 1/100።

የማስታወሻ ካርዱ ቪ30 (V30)፣ ማለትም በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋ ባይት የሚጽፍ መሆኑ የተጻፈበት ይሁን። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይሞላል። በገበያ ላይ 128 ጊጋ ባይት የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ካርድ አለ። ከመጠቀማችሁ በፊት በኮምፒውተር እስከ ጫፉ ሞልታችሁ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዩ።

በካሜራው 13:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ይለያል። ለትራፊክ ፖሊስ ስታቀርቡ ሁለቱንም ጻፉ። በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ይጨመቅና ያ ሁሉ የተደከመለት ታርጋ ይጠፋል።

ካሜራ ገጣሚዎች፣ ከፒያሳ