ግልጽ ደብዳቤ፦ አስፋልት ማሻገር ላቃታቸው የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን አልጽፍም፤ ራስዎን ያውቃሉ። አምስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የበር ጥበቃው ልጅ እንኳ «ዛሬም መጣሽ?» ማለት ታክቶታል።

ታናሽ ወንድሜን የወሰዳችሁት መጋቢት 2016 ነው። «በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው» አላችሁን። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝን ይፈቅድ ስለነበር አፋችንን ዘጋን። አዋጁ ግን ሐምሌ 2015 ታውጆ፣ ጥር ላይ ለአራት ወር ተራዝሞ፣ ግንቦት 2016 አበቃ። ይኸው 2017 ገባ። አዋጁ ሄደ፣ ወንድሜ ቀረ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በእንዲህ ዓይነት አዋጅ የታሰረ ሰው ስም፣ ከነምክንያቱ፣ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ይደረግ ይላል። እኔ የወንድሜን ስም ተጽፎ ያየሁት እናቴ የስንቁ ፌስታል ላይ በእስክሪብቶ ስትጽፈው ብቻ ነው።

ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ይፈታ የሚባልበትን፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረብን። ዳኛዋ እናንተን «ይዛችሁት ቅረቡ» ብላ አዘዘች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው «መኪና የለም» ተባለ። በሦስተኛው የሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ፦ «በአዋጁ የተያዘ ስለሆነ ማቅረብ አንችልም»። በየትኛው አዋጅ? ማህተሙ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።

አንቀጽ 19ን ለእርስዎ አላስተምርም። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርበው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። እስቲ ጉዞውን እናስላው። ፍርድ ቤቱ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ነው። መሃል ላይ ያለው አንድ አስፋልት ነው። እናቴ በሰባ ዓመቷ ከዘራ ይዛ ትሻገረዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስንቅ ይዤ ስመጣ ያየሁትን ደግሞ ልንገርዎ። የጣቢያው ፒክአፕ አልነሳ ብሎ እስረኞች ይገፉት ነበር። ከግቢ ወጡ፣ አስፋልቱን ተሻገሩ፣ የፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ሲደርሱ ሞተሩ ተነሳ። ከገፊዎቹ አንዱ ወንድሜ ነው። አየኝ። በአገጩ የፍርድ ቤቱን በር አሳየኝና ሳቀ። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ቅዳሜ ነዋ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

እንግዲህ ማሻገር ይቻላል ማለት ነው። አጃቢም አልጠፋም፤ ሁለት ነበሩ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መኪናው አልነሳ ካለም አያስቡ፤ ወንድሜ መግፋቱን ለምዶታል።

የታሳሪው እኅት